ሲተኛ በጀርባው፣ ሲጫወት በሆዱ፦ የውሃ ምንጣፍና የአያት ጭን በሽኩና ሄ

ካርቶኑ ሲመጣ ቀላል ነው። ሲከፈት የታጠፈ ላስቲክ ይወጣል። ዙሪያው በአየር ይነፋል፣ መሐሉ በቧንቧ ውሃ ይሞላል። ውሃው ውስጥ ቀይ ዓሣ፣ ቢጫ ኮከብ፣ አረንጓዴ ኤሊ ይንሳፈፋሉ። ከዚያ የሦስት ወሩ ሕፃን በሆዱ ይደረግበታል። ልጁ በእጁ መታ ሲያደርገው ውሃው ይሸሻል፣ ዓሣውም ተከትሎ ይሄዳል። ልጁ ደንገጥ ይላል፣ ቀና ብሎ ያያል፣ እንደገና ይመታል።

ክርክሩ የሚነሳው ይሄኔ ነው። አያት ከተቀመጡበት ሆነው፣ «ልጄ፣ ሕፃን ውሃ ላይ ይደረጋል እንዴ? ደሞስ በሆዱ?» ይላሉ። ልጃቸው፣ «እማዬ፣ ጢፓት ሐላቭ ነው ያዘዙኝ፤ ዝማን ቤቴን ይባላል» ብላ ትመልሳለች። አያት ግን ዝም አይሉም። «እንዴት ነው ነገሩ? እንደ ተወለደ በሆዱ እንዳታስተኚው፣ ይሞትብሻል ብለው አልነበር? ዛሬ ደግሞ በሆዱ ይሁን ይላሉ? የትኛውን እንስማ?»

ይህን የመሰለ ክርክር በቤር ሼቫም ሆነ በሌላ ከተማ፣ ወላጅ ሥራ ሲሄድ ሕፃኑ ከአያቱ ጋር በሚውልበት ቤት ሁሉ ሊነሳ ይችላል። የአያት ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው። ሁለቱ ምክሮች ሲሰሙ እርስ በርስ የሚጋጩ ይመስላሉ። ቀኑን ሙሉ ልጁን የሚይዙት አያት ከሆኑ ደግሞ፣ መልሱን ለይቶ ማወቅ የሕፃኑ የሕይወት ጉዳይ ነው።

መልሱ ባጭሩ ይኸው ነው፦ ልጁ ሲተኛ ሁልጊዜ በጀርባው፤ ነቅቶ ሰው እያየው ሲጫወት ደግሞ በሆዱ። ቀንም ሆነ ሌሊት ይኸው ነው።

ምንጣፍ የሚያውቅ ሰፈር

የቤር ሼቫ ነባር ሰፈሮች በዕብራይስጥ ፊደል ይጠራሉ፤ ሽኩና ሄም በአምስተኛው ፊደል የተሰየመ ነው። ሰፈሩ ራሱ ምንጣፍ የሚለውን ስም ድሮ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መንግሥት የናሙና ሰፈር ብሎ ያሠራው እዚህ ነው። አርክቴክቶቹ ዳንኤል ሃቭኪንና ናሁም ዞሎቶቭ ዝቅ ያሉ፣ ጎን ለጎን የተያያዙ፣ እያንዳንዳቸው ትንሽ ግቢ ያላቸው ቤቶች ሠሩ። ከላይ ሲታዩ መሬት ላይ የተዘረጋ ስለሚመስሉ «ሻቲያህ»፣ ማለትም ምንጣፍ ተባሉ። በዚያው ሰፈር አቭራሃም ያስኪና አምኖን አሌክሳንድሮኒ ያቀዱት፣ 250 ሜትር የሚረዝመው «ሬቫ ኪሎሜትር» የሚባል ሕንፃ አለ።

ያ የድንጋይና የሲሚንቶ ምንጣፍ የተዘረጋው ሰው ከነጌቭ ፀሐይና አቧራ እንዲጠለል ነው። በየሳሎኑ የሚዘረጋው የላስቲክ ምንጣፍ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። የዚህ አገር ቤት ወለል ባላታ ነው፤ በበጋ ደስ ይላል፣ ለሕፃን አገጭ ግን ይጠነክራል። ስለዚህ ልጅን በሆዱ ለማድረግ አንድ ነገር ማንጠፍ የግድ ነው። ጥያቄው ምን እንደሚነጠፍና ማን አጠገቡ እንደሚቀመጥ ነው።

ሐኪሞችም ተሳስተው ነበር

በዚህ ጉዳይ ግራ የተጋቡት አያቶች ብቻ አይደሉም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ሐኪሞች ሕፃን በሆዱ ይተኛ ይሉ ነበር። ምክንያታቸው፣ በጀርባው ከተኛ ሲያስመልሰው ይታነቃል የሚል ነበር። በብዙ አገር የተነበበው የአሜሪካዊው ሐኪም የቤንጃሚን ስፖክ መጽሐፍ እንኳ በ1950ዎቹ መጨረሻ ይህንኑ መክሯል።

ቆይቶ ግን አንድ አስደንጋጭ ነገር ታየ። ጤነኛ ሆኖ የተኛ ሕፃን ጠዋት ሞቶ ይገኛል። በዕብራይስጥ «ማቬት ባዓሪሳ» የሚሉት፣ የአልጋ ሞት ማለት ነው። አጥኚዎች ሲያነጻጽሩ፣ በሆዳቸው የሚተኙት ሕፃናት ለዚህ ሞት ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። ሆላንድ በ1987፣ ብሪታንያና ኒውዚላንድ በ1991 ለወላጆች አዲስ ምክር ማስተላለፍ ጀመሩ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም በ1992 በሆድ ማስተኛት ይቅር አለ፤ በ1994 ደግሞ «ለእንቅልፍ በጀርባ» የሚል ትልቅ ዘመቻ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት እንዲህ ዓይነቱ ሞት በአሜሪካ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። አዲስ መድኃኒት አልተገኘም፤ ልጁን ማገላበጥ ብቻ ነበር።

የመታነቅ ፍርሃቱስ? ነገሩ እንዲያውም በተቃራኒው ነው። ሕፃን በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ይሆናል፤ የተመለሰው ወተት ቁልቁል ወደ ምግብ ቧንቧ ይወርዳል። በሆዱ ሲሆን ግን የአየር ቧንቧው ከታች ይሆናል፤ ወተቱም ወደዚያ ሊፈስ ይቀለዋል።

ታዲያ ሆድ ለምን ተመለሰ?

በጀርባ ማስተኛቱ ብዙ ነፍስ ቢያድንም አንድ ችግር አስከተለ። ሕፃኑ ሌሊት በጀርባው ነው። ቀን ደግሞ ከሳልካል ወደ ጋሪ፣ ከጋሪ ወደ ትራምፖሊና ይዛወራል፤ ሁሉም በጀርባ የሚያጋድሙ ናቸው። ለስላሳው የሕፃን ጭንቅላት ሁልጊዜ ባንድ በኩል ሲደገፍ ከኋላ ጠፍጠፍ ይላል። አንገትና ትከሻም ሥራ ስለሚያጣ ሳይጠነክር ይቆያል። በሆድ የመጫወቻ ጊዜ፣ በዕብራይስጥ «ዝማን ቤቴን»፣ በምክርነት የመጣው ከዚህ የተነሳ ነው።

ሕፃኑ በሆዱ ሆኖ ጭንቅላቱን ለማንሳት ሲታገል አንገቱ፣ ጀርባው፣ ትከሻውና ክንዱ አብረው ይሠራሉ። በሁለት ወሩ ገደማ ጭንቅላቱን ቀና ማድረግ ይጀምራል። በአራት ወሩ በክርኑ ይደገፋል። በስድስት ወሩ ብዙዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ደረታቸውን ያነሳሉ፣ ከሆድ ወደ ጀርባም ይገለበጣሉ። መቀመጥና መዳህ በዚህ ላይ ነው የሚሠሩት።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ገና መንቀሳቀስ ያልጀመረ ሕፃን በቀን ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ ነቅቶ ሳለ፣ በሆዱ እንዲሆን ይመክራል። ሠላሳው ደቂቃ ግን ባንዴ አይደለም፤ በቀኑ ውስጥ ተከፋፍሎ ነው። አዲስ የተወለደ ልጅ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ሲለምድ ይጨመርለታል። የሚመቸው ሰዓት ከእንቅልፉ ሲነቃ ወይም ሽንት ጨርቁ ሲቀየርለት ነው። ጠግቦ እንደ ጨረሰ ወዲያው በሆዱ ማድረግ ግን ወተቱን ያስመልሰዋል።

ይህን ምክር የሚሰጡት የጢፓት ሐላቭ ነርሶች ናቸው። ጣቢያው ለብዙዎቹ እናቶች ክትባት የሚሰጥበት፣ ልጅ የሚመዘንበት ቦታ ነው። ሥራው የተጀመረው ግን መንግሥቱ ሳይቋቋም ነው። የሃዳሳ ማኅበር የላካቸው ሁለት ነርሶች፣ ሮዝ ካፕላንና ራሔል ላንዲ፣ በ1913 ከአሜሪካ ወደ ኢየሩሳሌም መጥተው እናቶችንና ሕፃናትን መንከባከብ ጀመሩ፤ የዛሬው ጣቢያ ሥሩ እዚያ ነው። ስሙም «የወተት ጠብታ» ማለት ነው። ዛሬም ነርሷ በየቀጠሮው የጭንቅላቱን ዙሪያ በሜትር ትለካለች፤ አንገቱን እንዴት እንደሚይዝ ታያለች።

አንቀልባው ምን ይሠራ ነበር?

«እኛ ልጅ ያሳደግነው ያለ ምንጣፍ ነው» የሚል አያት አልተሳሳቱም። ጎንደር ውስጥ እናት ከወለደች በኋላ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን በአራስ ጎጆ ትቆይ ነበር። ልጁ ይታጠባል፣ ቅቤ ይቀባል፣ ይታሻል፣ እጅና እግሩ ይሳባል። ጠንከር ሲል በአንቀልባ ይታዘላል። እናት ውሃ ስትቀዳ፣ እንጀራ ስትጋግር፣ እንጨት ስትለቅም ልጁ ጀርባዋ ላይ ነው።

የታዘለ ልጅ እንዴት እንዳለ ልብ ይበሉ። ደረቱና ሆዱ በእናቱ ጀርባ ላይ ተጣብቀዋል። የጭንቅላቱን ኋላ የሚጫነው ነገር የለም። እናቱ ጎንበስ ቀና ስትል እሱም አንገቱን ለማመጣጠን ይሠራል። እግሮቹ ግራና ቀኝ ተከፍተው እናቱን ያቅፋሉ፤ ይህም ለዳሌ መገጣጠሚያ የሚመች አቀማመጥ እንደሆነ የአጥንት ሐኪሞች ይናገራሉ። የሕፃንን እግር ቀጥ አድርጎ አጥብቆ መጠቅለል ግን ዳሌውን ይጎዳል። ስለዚህ አንቀልባ ስሙ ዝማን ቤቴን ባይባልም፣ ከሥራው ብዙውን ይሠራ ነበር።

የአፍሪካ ሕፃናት ጉዳይ ተመራማሪዎችንም ድሮ አስገርሟል። ፈረንሳዊቷ ሐኪም ማርሴል ዤበር በ1950ዎቹ ካምፓላ ውስጥ ሕፃናትን መርምራ፣ በሰውነት እንቅስቃሴ ከአውሮፓ እኩዮቻቸው ቀድመው እንዳገኘቻቸው ከአር ኤፍ ኤ ዲን ጋር በ1957 ጻፈች። ቆይቶ አሜሪካዊው ቻርልስ ሱፐር በ1976 ያሳተመው የኬንያ ጥናት ምክንያቱን አብራራ። እናቶቹ ልጆቻቸው እንዲቀመጡና እንዲራመዱ ሆን ብለው ያለማምዷቸው ነበር፤ ስለዚህ በመቀመጥና በመራመድ ቀደሙ። ያላለማመዷቸውን፣ ለምሳሌ መዳህን ግን አልቀደሙም። ልዩነቱ ከደም የመጣ ሳይሆን ከእናት እጅ የመጣ ነበር። ልጅ የሚጠነክረው በሚለማመደው ነገር ነው።

ስለዚህ ሁለቱም ወገን የሚማረው አለ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ፣ ሕፃን በጋሪም ሆነ በሰው ጀርባ ታስሮ ባንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይላል። ይህ ማዘልን መከልከል አይደለም፤ በየመሐሉ ፈታ አድርጎ፣ መሬት ላይ ማንፈራገጥ ያስፈልገዋል ማለት ነው። ወጣቷም እናት ብትሆን ልጇን ከሳልካል ወደ ትራምፖሊና ስታዛውር ከምትውል፣ ለእናቷ ብትሰጣትና ብታዝለው ለልጁ ይሻለዋል።

ምንጣፉ ከተገዛ

የውሃ ምንጣፉ ጥቅም ግልጽ ነው። በሆዱ ሲደረግ የሚያለቅስ ልጅ ብዙ ነው። ዓሣው ሲንቀሳቀስ ልጁ ለማየት ሲል ጭንቅላቱን ያነሳል፣ ለመንካት ሲል እጁን ይዘረጋል። «እኔ ስመታው እሱ ይሄዳል» የሚለውን ነገርም በእጁ ይማራል። ከዚያ ያለፈ ተአምር የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም በሆድ ማድረግን እንጂ የውሃ ምንጣፍ መግዛትን አይጠይቅም። መሬት ላይ የተዘረጋ ብርድ ልብስም ይበቃል። ያልገዛች እናት ልጇን አልበደለችም።

ለገዛ ግን ማወቅ የሚገባው ነገር አለ፤ ልጁን ለሚጠብቁት አያትም ቢነገር መልካም ነው።

አንደኛ፣ ምንጣፉ መጫወቻ እንጂ ፍራሽ አይደለም። ልጁ እዚያው ላይ እንቅልፍ ከወሰደው ቀስ ብሎ ማንሳት፣ ጠንካራና ለጥ ያለ የራሱ አልጋ ላይ በጀርባው ማድረግ ነው። አልጋው ውስጥ ትራስም አሻንጉሊትም አይኑር። የውሃ ምንጣፉን አልጋ ውስጥ ማንጠፍ ፈጽሞ አይሆንም፤ ለስላሳ ነገር የተኛን ሕፃን አፍና አፍንጫ ይደፍናል።

ሁለተኛ፣ ሁልጊዜ ወለል ላይ ነው የሚነጠፈው። ጠረጴዛ ወይም ሶፋ ላይ ከሆነ ልጁ ተንሸራቶ ይወድቃል።

ሦስተኛ፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን ልጁን ጥሎ መሄድ የለም። ስልክ ቢጠራ፣ በር ቢንኳኳ፣ ልጁን ይዞ መነሳት ነው። ሕፃን ጥቂት ሳንቲ ሜትር በሆነ ውሃ ውስጥ ሊሰጥም ይችላል፤ ድምፅም አያሰማም። ምንጣፉ ቢያፈስ ልጁ ፊቱን የሚደፋው በዚያ ውሃ ላይ ነው። አንድ ነገር ደርሶ መተንፈስ ካቃተው ወዲያው 101 መደወል ነው።

አራተኛ፣ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት በእጅ ጫን ጫን አድርጎ ማየት። ቀዳዳ ካለው፣ ስፌቱ ከላላ ወይም ክዳኑ በደንብ ካልገጠመ ወደ ቆሻሻ። ሲቀደድ ከውስጡ የሚወጡት ትናንሽ ዓሦች በሕፃን ጉሮሮ ሊሰነቀሩ ይችላሉ። መቀስና ሹካ የያዙ ታላላቅ ወንድሞችና እህቶችም ከአጠገቡ ይራቁ።

አምስተኛ፣ ውሃው ንጹሕ የቧንቧ ውሃ፣ ለብ ያለ ይሁን። ውሃው ለቀናት ተዘግቶ ሲቀመጥ ተሕዋስያን ይራባሉ፣ ሻጋታም ይይዘዋል። ቶሎ ቶሎ መቀየር፣ የማይፈለግ ሲሆን አፍስሶ ማድረቅ ነው። በቤር ሼቫ በጋ ደግሞ ምንጣፉን በረንዳ ላይ አይተዉት፤ ላስቲኩም ውሃውም በፀሐይ ይግላል፣ የሕፃን ቆዳ ያቃጥላል።

ስድስተኛ፣ ሲገዛ ጽሑፉን ማንበብ። እንዲህ ያሉት ምንጣፎች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ፒ ቪ ሲ ከሚባል ፕላስቲክ ነው። ይህን ፕላስቲክ ለማለስለስ ከሚጨመሩት ታሌት ከተባሉት ኬሚካሎች አንዳንዶቹን የአውሮፓ ኅብረት በ2005፣ አሜሪካ በ2008 በልጆች መጫወቻ ላይ በሕግ ገድበዋል። በእስራኤል የመጫወቻ ደኅንነት ደረጃ ቁጥሩ 562 ነው። ምን እንደሆነ የማይታወቅ፣ ጽሑፍ የሌለው፣ ሲከፈት የሚከረፋ ርካሽ ዕቃ ለሕፃን አፍ አይሆንም፤ ሕፃን ያገኘውን ሁሉ ይልሳልና።

ያለ ጊዜው የተወለደ፣ የሚጥለው ሕመም ያለበት ወይም የመተንፈስ ችግር ያለበት ልጅ ከሆነ ግን፣ መጀመሪያ ሐኪሙን ወይም የጢፓት ሐላቭ ነርሷን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከዓሣው የሚበልጥ

አዲስ የተወለደ ሕፃን አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያለውን ነው። ያ ርቀት ከክንድ ያንሳል፤ የታቀፈ ልጅ ከአያቱ ፊት የሚርቀው ያህል ነው። የሰው ፊት ደግሞ ከላስቲክ ዓሣ ይልቅ ይስበዋል፤ ፊት ይስቃል፣ ይናገራል፣ መልስ ይሰጣል።

ጉልበታቸውን የሚያማቸው አያት መሬት መውረድ የለባቸውም። ወንበር ላይ ደገፍ ብለው ልጁን በደረታቸው ላይ በሆዱ ማድረግ ይችላሉ፤ ያም ዝማን ቤቴን ነው። ወይም ጭናቸው ላይ በሆዱ አጋድመው ጀርባውን እያሻሹ መያዝ ይችላሉ። ልጁ ድምፃቸውን ሲሰማ ጭንቅላቱን ያነሳል። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ አለ፦ ድካም ከተሰማቸው ወይም እንቅልፍ ከመጣባቸው ልጁን ወደ አልጋው መመለስ። ሶፋ ላይ ከሕፃን ጋር ማሸለብ በጣም አደገኛ ነው።

በዚያች ሰዓት የሚነገረው ነገር በአማርኛ ቢሆን ደግሞ ሌላ ትርፍ አለው። ልጁ ነገ ጋን ሲገባ ቀኑን ሙሉ ዕብራይስጥ ነው የሚሰማው። ብዙ አያቶች የሚያዝኑት የልጅ ልጃቸው ሲያድግ እንደ ልብ አያወራኝም ብለው ነው። ጆሮው ግን ከተወለደ ጀምሮ ክፍት ነው። ስሙን በአማርኛ እየጠሩ፣ እሹሩሩ እያሉ፣ የአገር ቤቱን ወንዝና ተራራ እየነገሩት ጭንቅላቱን ሲያነሳ ማመስገን ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ለሚቀጥለው የጢፓት ሐላቭ ቀጠሮ እናት ልጇን ብቻ ሳይሆን እናቷንም ይዛ ብትሄድ መልካም ነው። ሜጋሼር ካለ በአማርኛ መጠየቅ ይቻላል፤ ከሌለም ልጅቱ ታስተረጉማለች። በዓይን አይቶ ከነርሷ አፍ የሰማ ሰው፣ ልጁን ቀን ሲይዝ አይጠራጠርም። «በሆዱ ነው ወይስ በጀርባው?» ለሚለው ጥያቄም ያኔ እናትና አያት የሚሰጡት መልስ አንድ ይሆናል፦ ዓይኑ ከተከደነ በጀርባው፣ ከነቃ በሆዱ፣ አጠገቡም ሁልጊዜ ሰው።